መጀመሪያ የሚበጠሰው ክሩ ነው

ባለፈው ቅዳሜ፣ ሁለተኛው ግጥሚያ ላይ፣ ግራ ዳሌዬ ጋ የሆነ ነገር ጧ ሲል ሰማሁ። ምቱ አላመመኝም። ግን ወዲያው ከወገቤ በታች አንድ ነገር ላላ ብሎ መወዛወዝ ጀመረ። ግጥሚያው ሲያልቅ ጎንበስ ብዬ አየሁት። በእጄ ከሠራሁት የጃፓን ጥሩር (የጦር ልብስ) ላይ፣ ወገቤ ዙሪያ ከተንጠለጠሉት ሰባት መከላከያዎች አንዱ በአንድ ክር ብቻ ቀርቷል። ፕላስቲኩ ደህና ነው፣ ሪቬቶቹ (ቁራጭ ከቁራጭ የሚያያይዙት የብረት ሚስማሮች) ደህና ናቸው፣ የተበጠሰው ክሩ ነው። ሳሩ ላይ ቁጭ ብዬ ከቦርሳዬ የጫማ ክር አወጣሁ። በ10 ደቂቃ ጠግኜው ለሦስተኛው ግጥሚያ ቆምኩ።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚያች 10 ደቂቃ ነው። ወደ ሦስት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ወስዳብኛለች።

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ቅዳሜና እሁዴን የማሳልፈው የመካከለኛውን ዘመን አኗኗርና ውጊያ መልሰው ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ነው። ማኅበሩ ሶሳይቲ ፎር ክሪኤቲቭ አናክሮኒዝም ይባላል፣ በ1966 ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ውስጥ የተጀመረ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ውጊያው ቲያትር አይደለም። ማን እንደሚያሸንፍ ቀድሞ የወሰነ የለም፣ የምንማታውም ከልብ ነው። ሰይፉ ግን ብረት ሳይሆን ራታን ነው፤ ወንበርና ቅርጫት የሚሠሩበት፣ ውስጡ ድፍን የሆነ የሐረግ እንጨት፣ ውፍረቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ከፍ የሚል፣ ላዩ በፕላስተር የተጠቀለለ። ነጥብ የሚቆጥር ዳኛ የለም። "ይሄ እውነተኛ ሰይፍ ቢሆን ገድሎኝ ነበር" ብሎ የሚወድቀው የተመታው ሰው ራሱ ነው። መጀመሪያ ልቤን የወሰደው ይሄ ነው። አንድ ግዙፍ ሰውዬ፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ለማያውቀው ሰው "ጥሩ ምት ነው" ብሎ ሲወድቅ አየሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሼ ሄድኩ።

ሜዳ ከመግባትህ በፊት ፍተሻ አለ። ራስ፣ አንገት፣ ኩላሊት፣ ክርን፣ ጉልበት፣ እጅ፣ ብልት፣ ሁሉም በጠንካራ ነገርና በስፖንጅ መሸፈን አለበት። የራስ ቁሩ ብረት ውፍረቱ ከ1.6 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። ይሄን ካሟላህ የየትኛውን አገር ጥሩር እንደምትለብስ ምርጫው ያንተ ነው፣ ዘመኑ ከ1600 በፊት እስከሆነ ድረስ። አብዛኛው ሰው የአውሮፓ ይለብሳል። እኔ የጃፓን መረጥኩ።

የመረጥኩት ኒው ዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ በአንድ መስታወት ፊት ቆሜ ነው። ውስጡ ያለው የ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጥሩር ነው፣ በ1338 ሾገን (የጃፓን የጦር ገዢ) የሆነው የአሺካጋ ታካኡጂ ነበር እየተባለ የሚነገርለት። ዓይነቱ ኦ-ዮሮይ ይባላል፣ ትልቁ ጥሩር ማለት ነው። ለፈረሰኛ ቀስተኛ የተሠራ ነው። ደረቱ ላይ ለስላሳ ቆዳ ተለጥፎበታል፣ የቀስቱ ጅማት ሲለቀቅ እንዳይጠልፈው። ቆዳው ላይ ደግሞ ፉዶ ሚዮኦ የሚባለው የቡድሃ እምነት ቁጡ ጠባቂ ተስሏል። እኔን ግን ያስቆመኝ ሥዕሉ አልነበረም። ክሩ ነው። ያ ሁሉ ነገር፣ ከትከሻ እስከ ጭን፣ በክር ነው የተያያዘው። ጠጋ ብለህ ስታየው ልብስ ይመስላል።

እንደዚህ ያለው የድሮ የጃፓን ጥሩር ከትልልቅ ላሜራ የተሠራ አልነበረም። ጣት የሚያህሉ ትናንሽ ቅጠሎች አሉ፣ ኮዛኔ ይባላሉ፣ ከብረት ወይም ከጥሬ ቆዳ የተቆረጡ። ጥሬ ቆዳ ስል ደንግጠህ እንዳታነብ። የጠፍር አልጋ ላይ ያደገ ሰው ጥሬ ቆዳ ሲደርቅ ምን እንደሚሆን ያውቃል፣ አጥንት ነው። ጃፓኖቹ ያንን ቀጥቅጠው ያጠብቁትና ላዩን ኡሩሺ በሚባል የዛፍ ሙጫ ደጋግመው ይቀቡታል። ብረቱን አደገኛ ቦታ ላይ፣ ቆዳውን ሌላው ላይ ያደርጉታል፣ ክብደቱ እንዲቀንስ። እያንዳንዷ ቅጠል የጎረቤቷን ግማሽ ትሸፍናለች። ስለዚህ የትም ብትወጋ ሁለት ድርብ ነው የምታገኘው። ቅጠሎቹ ተደርድረው አንድ ረድፍ ይሆናሉ፣ ረድፎቹ ደግሞ በሐር ክር ከላይ ወደ ታች ይንጠለጠላሉ። ይሄ ማያያዝ ኦዶሺ ይባላል።

የጥሩሩ መጠሪያ ራሱ ከክሩ ቀለም ነው የሚወጣው። ቶኪዮ ውስጥ ሚታኬ በሚባለው ተራራ ላይ፣ ሙሳሺ ሚታኬ በሚባለው መቅደስ የተቀመጠ አንድ ኦ-ዮሮይ አለ፣ ስሙ በቀይ ክር የተያያዘው ትልቁ ጥሩር ነው። በሜጂ ዘመን (ከ1868 እስከ 1912) ሲጠገን አዲስ ክር ገባበት፣ በጊዜው በመጣው የፋብሪካ ቀለም የተነከረ። ዛሬ ያ አዲሱ ክር ደብዝዟል። ከ800 ዓመት በፊት በዕፅ ሥር የተነከረው የድሮው ግን አሁንም ቀይ ነው። ይሄን ካወቅሁ በኋላ ቀይ ክር በገዛሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

እና እኔም ያንን ልሠራ ተነሣሁ። ብረትና ሐር የምገዛበት ገንዘብ አልነበረኝም። እዚህ ብዙ ሰው የሚጠቀመው ሰማያዊውን የፕላስቲክ በርሚል ነው፣ አገር ቤት ውኃ የምናጠራቅምበትን 200 ሊትር አካባቢ የሚይዘውን። ግድግዳው 3 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ራታን አይሰብረውም፣ በመጋዝ ይቆረጣል፣ ሲሞቅ ይታጠፋል። አንድ በርሚል በርካሽ አገኘሁ። ሳሙና የነበረበት ነው፣ ቤዝመንቱ ለወራት ሲሸት ከረመ። 600 ቅጠል ቆረጥኩ። እያንዳንዷ 14 ቀዳዳ አላት። 8,400 ቀዳዳ ማለት ነው፣ በእጅ ድሪል፣ ሦስት ፑንታ ጨርሼ። ከሥራ ስመለስ ቤዝመንት እወርዳለሁ፣ 20 ቅጠል በስቼ እተኛለሁ። ከመቁረጡ እስከ ማያያዙ አምስት ወር ፈጀብኝ። ቀዩን ክር የሐር እንዲመስል ብዬ ጠፍጣፋ የጥጥ የጫማ ክር ገዛሁ። አያያዙ ደግሞ ኬቢኪ የሚባለው ነበር፣ ክሩ ጥቅጥቅ ብሎ ቅጠሉን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው።

በጣም ያምር ነበር። አሁንም ፎቶውን ሳየው ደስ ይለኛል።

ሜዳ ላይ የቆየው ሁለት ሰዓት ነው። ራታን እንደ ሰይፍ አይቆርጥም፣ ክሩን ግን ቅጠሉ ጠርዝ ላይ ይደቁሰዋል፣ ሦስት አራቴ አንድ ቦታ ሲያርፍ ክሩ ፀጉር ያወጣና ይለቃል። ደረቴ ላይ አራት ቦታ ተበጠሰ። ችግሩ ደግሞ መበጠሱ ብቻ አይደለም። ኬቢኪ ላይ አንዱ ክር ረድፉን ከዳር እስከ ዳር ነው የሚሄደው። አንድ ቦታ ሲበጠስ ጎረቤቶቹ በሙሉ ይላላሉ፣ ለመጠገን ረድፉን ሙሉውን ትፈታለህ። አንዷን ብጥስ ለመመለስ አንድ ሙሉ ምሽት ሄደብኝ። በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ዝናብ መታን። ጥጡ ውኃውን ጠጥቶ ያን ያህል እንደሚከብድ አላሰብኩም ነበር። ቤት ወስጄ ሰቀልኩት። በአራተኛው ቀንም አልደረቀም፣ ላብና ጭቃው አብሮ ቀርቶ ሽታው ቤት አላስገባ አለ።

በዚያ ሰሞን ነው ሳካኪባራ ኮዛን ስለሚባል ሰው ያነበብኩት። ስለ ጥሩር አሠራር የጻፈው መጽሐፍ በ1800 የታተመለት ጃፓናዊ ነው። ስለ ጥቅጥቅ ክር ያለው ነገር አንድ በአንድ የኔ ቤዝመንት ነበር። ሲረጥብ ይከብዳል፣ ቶሎ አይደርቅም። በበጋ ያፍናል፣ በክረምት በረዶ ይይዛል። ጭቃ ከገባበት ታጥቦ አይለቅም። ዘመቻው ሲረዝም ይሸታል፣ ጉንዳንና ቅማል ይወርሰዋል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ፣ የጦሩ ጫፍ ተንሸራትቶ እንዳያልፍ ክሩ ይዞ ያስቀረዋል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከ200 ዓመት በፊት የሞተ ሰው ቁጭ ብሎ ያወራኝ ነው የመሰለኝ።

እኔ በአንድ ወቅት ያየሁትን ጃፓኖቹ በዘመናት ነው ያዩት። ከ1467 በኋላ አገሩ ከመቶ ዓመት በላይ በጦርነት ሲታመስ ሠራዊቱ በዛ፣ ፈረሰኛው ብቻ ሳይሆን እግረኛውም ጥሩር አስፈለገው። ለአንድ ጌታ ወራት ፈጅቶ የሚሠራ ነገር ለሺዎች አይሆንም። በ1543 ደግሞ ፖርቱጋሎች ታኔጋሺማ ደሴት ላይ ጠመንጃ ይዘው ደረሱ፣ ጃፓኖቹም ራሳቸው መሥራት ጀመሩ። ትናንሾቹ ቅጠሎች ቀስ በቀስ በረጃጅም ላሜራዎች ተተኩ፣ ላሜራዎቹም በሪቬት ተያያዙ። አንዳንዱ ሠሪ ሆን ብሎ ይተኩስበትና ጥይቱ ያረፈበትን ስርጉድ ሳያቃና ይሸጠዋል፣ ገዢው በዓይኑ አይቶ እንዲያምን። ክር የቀረው መተጣጠፍ የግድ በሆነበት ቦታ ላይ ብቻ ነው፣ እሱም ሱጋኬ በሚባለው አያያዝ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተራርቆ፣ በመሀል ላሜራው ራቁቱን እየታየ። የድሮው ጥቅጥቅ ክር ለክብርና ለስጦታም ቆየ። በ1613 ሾገኑ ቶኩጋዋ ሂዴታዳ ለእንግሊዙ ንጉሥ ለጄምስ አንደኛ የላከው ጥሩር እስካሁን እንግሊዝ ውስጥ አለ፣ የናራው ኢዋይ ዮዛኤሞን የሠራው ነው። ያማረ ነው። ማንም በዱላ አልደበደበውም።

ስለዚህ 600ዎቹን ቅጠሎች በጆንያ አስቀምጬ እንደገና ጀመርኩ። የመረጥኩት ኦኬጋዋ-ዶ የሚባለውን ነው። ዶ ማለት ደረትና ጀርባውን የሚይዘው አካል ነው። ኦኬጋዋ ደግሞ የእንጨት ገንዳ ጎን ማለት ነው፤ ላሜራዎቹ ሲገጣጠሙ ከጣውላ የተሠራ ገንዳ ስለሚመስል። እኔ ደግሞ ከበርሚል ጎን እየቆረጥኩ ነበር። ይሄን ያወቅሁት ግማሹን ከጨረስኩ በኋላ ነው፣ ያን ቀን ማታ ደስ ብሎኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሠራሩን አጠር አድርጌ ልንገራችሁ። መጀመሪያ በካርቶን ሥሩት። እውነቴን ነው፣ ፕላስቲኩን ሳትነኩ ሙሉ ደረቱን በካርቶንና በፕላስተር ሠርታችሁ ለብሳችሁ እጃችሁን ወደ ላይ አንሡ፣ ቁጭ በሉ፣ ጎንበስ በሉ። የኔ የመጀመሪያው ካርቶን ብብቴን ቆረጠኝ፣ ሦስተኛው ነው የሆነው። ሆድ ዙሪያውን አምስት ረድፍ፣ ከዚያ በላይ ፊት ለፊት ሦስት፣ ከኋላ አራት። አንዱ ረድፍ በሌላው ላይ 1.5 ሴንቲ ሜትር ይደራረባል፣ እዚያ ላይ ሪቬት ይመታል። የበርሚሉ ክብ ከሰው ደረት ይሰፋል፣ ስለዚህ ፈረንጆቹ ቀለም ለመፋቅ በሚጠቀሙበት ሙቅ አየር በሚተፋው ማሽን አሙቆ ጉልበት ላይ ማጠፍና እስኪበርድ ይዞ መቆየት ነው። ጓንት አድርጉ። በግራ በኩል ማጠፊያ፣ በቀኝ በኩል ማሰሪያ፣ እንደ በር ተከፍቶ ነው የሚለበሰው። ፕላስቲክ ቀለም አይወድም፤ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩት፣ ለፕላስቲክ የተሠራ ማስያዣ ቀለም ቀቡት፣ ከዚያ ጥቁር።

ፕላስቲክ መጠቀሜን የማይወዱ ሰዎች አሉ። እኔ አላፍርበትም። ቅርጹ ትክክል ከሆነ፣ አያያዙ ትክክል ከሆነ፣ ሰውነት ላይ የሚንቀሳቀሰው እንደዚያን ጊዜው ከሆነ፣ ማወቅ የፈለግሁትን አውቄበታለሁ። የሙዚየም ነው ብዬ ለማንም አላቀርበውም።

የቀረው ከወገብ በታች ያለው ነው፣ ኩሳዙሪ ይባላል። ሰባት ክፍል፣ እያንዳንዱ አምስት ረድፍ፣ 35 ቁራጭ፣ ሁሉም በክር የሚንጠለጠል። እሱን ስጀምር እናቴ ከደብረ ማርቆስ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ሁለት ቀን ከሶፋው ላይ ሆና ዝም ብላ ስታየኝ ቆየች። ክሩ ጫፉ እየተበታተነ ቀዳዳው አልገባ ይለኛል፣ እኔ በምራቄ እያረጠብኩ እጠመዝዘዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ተነሥታ አጠገቤ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

"ወስፌ የለህም?"

"የለኝም እማዬ።"

"ታዲያ በምን ልትሰፋ ነው?"

ካቻቢቴ ሞርጄ ሰጠኋት። እናቴ ሞሰብ ስትሰፋ ነው ያደገችው። አክርማውን በጥርሷ ይዛ፣ ወስፌውን ሰክታ፣ ዙሩን አንድ በአንድ ስትስብ ነው ከልጅነቴ ጀምሮ የማስታውሳት። ሁለተኛውን ቁራጭ ይዛ ቀዳዳዎቹን በጣቷ ዳበሰቻቸው። ጠርዛቸውን ነካችና "ይሄ ነው ክርህን የሚበላው" አለች። እውነቷን ነበር። ፑንታው ቀዳዳው አፍ ላይ የተወውን ሹል ነገር አላጸዳሁትም ነበር። 35ቱንም ቁራጭ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ፣ በትልቅ ፑንታ ጫፍ አንዴ እያሽከረከርኩ አፋቸውን አለሰለስኩ። ክር የመበጠሱ ነገር በግማሽ የቀነሰው በዚህች ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ አብረን ሰፋን። እሷ ሦስት ክፍል፣ እኔ አራት። ክሩን አሁን ጥጥ ሳይሆን ናይሎን አደረግሁት፣ ጫፉን በክብሪት እያቀለጥኩ። አንዷን ጥንድ አጥብቄ ቀጣዩዋን ሳላላ እጄን ትይዘኛለች። "አንዱ ከተሸከመ ሌላው ሥራ ፈት ነው፣ የተሸከመው ይበጠሳል" አለችኝ። እያንዳንዱን ረድፍ ከመቋጠሯ በፊት ወደ ላይ አንሥታ በመስኮቱ ብርሃን ታየዋለች፣ ቁራጩ ዘንበል ካለ ፈታ ትደግመዋለች። ቀኑ መሽቶ ራት ሰዓት አለፈን። ለምን እንደሆነ ጠይቃኝ አታውቅም፣ የምጣላበት ልብስ እንደሆነ ብቻ ነው የነገርኳት፣ እሷም ለልጇ ልብስ እየሰፋች ነበር።

አንድ ነገር ስህተት ሠርቼ ኋላ ያስተካከልኩትን ልናገር። ደረቱንና ኩሳዙሪውን የሚያገናኘው ክር ረዘም ማለት አለበት፣ በኔ መጠን 10 ሴንቲ ሜትር። መጀመሪያ 4 አድርጌው ነበር፣ አጭር ሲሆን ጠንካራ መስሎኝ። ያ ክፍት ቦታ ግን በከንቱ አልተተወም፣ በላዩ ላይ መቀነት ይታሰራል። ወገብህ ላይ ጠበቅ አድርገህ ስትታጠቅ ክብደቱ ከትከሻ ወደ ዳሌ ይወርዳል። ኦ-ዮሮይ 30 ኪሎ አካባቢ ይመዝን ነበር፣ ለፈረስ የተሠራ ነውና ትከሻ ላይ ነው የሚያርፈው። የኔው ከነራስ ቁሩ 14 ኪሎ ነው፤ ያለ መቀነት በግማሽ ሰዓት ትከሻዬ ይደነዝዛል፣ በመቀነት ግን ቀኑን ሙሉ እውላለሁ።

ራስ ላይ ግን ፕላስቲክ የለም። የራስ ቁሩ፣ ካቡቶው፣ 2 ሚሊ ሜትር ብረት ነው። ዙናሪ የሚባለውን ዓይነት ነው የሠራሁት፣ የጭንቅላት ቅርጽ ማለት ነው፣ በአምስት ቁራጭ ብቻ የሚገጣጠም። የእንጨት ጉቶ ላይ ጎድጓዳ ቆፍሬ፣ ላሜራውን እዚያ ላይ አድርጌ በክብ መዶሻ ቀጠቀጥኩት። የመጀመሪያው ሲገጣጠም ግንባሩ ላይ ክፍተት ስለተወ ጣልኩት። ፊት ላይ የብረት ፍርግርግ አለው፣ 2.5 ሴንቲ ሜትር ዱላ የማያሳልፍ። ያ ጃፓን ውስጥ አልነበረም። ሕጉ ነው፣ ዓይኔም ነው፣ ጥቁር ቀብቼው አልፌያለሁ። ማጅራቱን የሚሸፍነው ሺኮሮ ግን በሱጋኬ የተንጠለጠለ ነው፣ እሱ ላይ ብዙ ደከምኩበት፤ ምት ሲያርፍበት ይወዛወዝና ጉልበቱን ይበላዋል፣ አንገቴ ጋ የሚደርሰው ትንሽ ነው። ድርቅ ያለ ብረት ቢሆን ሙሉውን አንገቴ ይቀበለው ነበር።

ቅዳሜ ማታ ቤት ስገባ ለእናቴ ደወልኩ፣ እዚያ እሁድ ጠዋት ነበር፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አገኘኋት። ክሩ እንደተበጠሰ ነገርኳት።

"የቱ ጋ?"

"ግራ ዳሌዬ ጋ። ከላይ፣ መቀነቱ ሥር።"

ትንሽ ዝም አለች። "እዚያ መቀነቱ ያሻሸዋል። ክሩን ድርብ አድርገው። ሰባቱንም።"

ነገ ማታ ቤዝመንት እወርዳለሁ። ክሩን ገዝቻለሁ፣ 14 ሜትር፣ ቀይ።